ምግብ ለሚመርጥ ትንሽ ውሻ የሚሰጥ ምግብና የአመጋገብ ሥርዓት

መግቢያ

ውሻ ከሰው ልጅ ጋር መኖር ከጀመረ ከ10,000 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአገራችንም ውሻ ለረዥም ዘመን የሚታወቀው ቤትን ከሌባ፣ ከብትን ከጅብ በመጠበቅ ነው። ምግቡ ከማዕድ የተረፈ እንጀራ፣ ቆጮና አጥንት ስለነበር ስለ ውሻ አመጋገብ ለብቻው የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። ትንንሽ የውጭ አገር ዝርያዎችን በቤት ውስጥ ማሳደግም በጥቂት ባለጸጎች ዘንድ የተወሰነ ነበር፤ ለምሳሌ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሉሉ የተባለ የቺዋዋ ዝርያ ትንሽ ውሻ እንደነበራቸው ይታወቃል።

ዛሬ ይህ ሁኔታ ተለውጧል። በሐዋሳ ከተማ፣ በባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማና በአካባቢው፣ ከግቢ ጠባቂው ውሻ ሌላ በቤት ውስጥ የሚያድር ትንሽ ውሻ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ከእነዚህ ውሾች ባለቤቶች የሚሰማውም አቤቱታ ተመሳሳይ ነው፤ ይኸውም “ሥጋ ካልሆነ አይቀምስም”፣ “ከእጄ ካላጎረስኩት አይበላም”፣ “ትናንት የወደደውን ዛሬ ጠላው” የሚል ነው።

ነገሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ምግብ መምረጥ የልማድ ብልሽት ሊሆን እንደሚችል ሁሉ የበሽታ የመጀመሪያ ምልክትም ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ውሻው እንዲበላ ሲባል የሚሰጡት አንዳንድ ምግቦች ውሻውን የሚመርዙ፣ አንዳንዶቹም በቤተሰቡ ላይ በሽታ የሚያመጡ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባለ ውሻው ምርጫን ከበሽታ እንዲለይ፣ የሚበቃውን የምግብ መጠን እንዲያውቅና በአካባቢው ከሚገኙ ምግቦች ተስማሚውን አዘጋጅቶ እንዲሰጥ ለመርዳት ነው።

1. ትንሽ ውሻ ምግብ የሚመርጠው ለምንድን ነው?

ሀ) ጠግቦ ስለሚውል። ዋናውና በብዛት የሚያጋጥመው ምክንያት ይህ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝንና አብዛኛውን ጊዜ በቤት ውስጥ የሚውል ጤነኛ ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ኃይል 330 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። ጠዋት ቁርስ ላይ ልጆች 30 ግራም ዳቦ ይሰጡታል፤ ይህ 80 ኪሎ ካሎሪ ያህል ነው። በዳቦው ላይ የተቀባው ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ ሌላ 55 ነው። ምሳ ላይ አባወራው ከጥብሱ 40 ግራም የሚሆን ቅባት ያለው ሥጋ በጉርሻ መልክ ይሰጡታል፤ ይህ 110 ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ ቡና ሲፈላ “ዛሬ ምንም አልበላም” ተብሎ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይጨመርለታል፤ ይህም 70 ነው። ድምሩ 315 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ማታ የራሱ ምግብ በሳህን ሲቀርብለት አሽትቶ ይሄዳል። ባለቤቶቹ “ምግብ ይመርጣል” ይላሉ፤ ውሻው ግን የቀኑን ምግብ በልቶ ጨርሷል።

ለ) እምቢ ማለት እንደሚጠቅመው ስለሚማር። ውሻ አስተዋይ እንስሳ ነው። በሳህን የቀረበለትን ሲተው ሥጋ የሚመጣለት ከሆነ በሚቀጥለው ቀንም ይተዋል። ሥጋውን ሲተው ጉበት ከመጣለት ሥጋውንም ይንቃል። በዚህ ዓይነት ባለቤቱ ውሻውን ያስተማረ እየመሰለው ራሱ በውሻው ይማራል።

ሐ) ምግቡ ሽታ ስለሌለው። የውሻ የመቅመስ ችሎታ ከሰው በጣም ያነሰ ነው፤ በምላሱ ላይ ያሉት የጣዕም መለያዎች ከሰው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ናቸው። ምግብን በዋናነት የሚመርጠው በአፍንጫው ነው። ከማቀዝቀዣ የወጣ ምግብ ሽታው ስለማይነሳ ብዙ ውሾች ይተውታል።

መ) ምግቡ በድንገት ስለሚለወጥበት። አዲስ ምግብ በአንድ ጊዜ ሲቀርብ ውሻው ሊጠራጠረው ይችላል፤ ቢበላውም ሆዱ ሊበላሽ ይችላል።

ሠ) በሙቀትና በግርግር ምክንያት። በሐዋሳ ሙቀቱ በሚያይልባቸው ወራት፣ በተለይ በየካቲትና በመጋቢት፣ ብዙ ውሾች በቀትር አይበሉም። እንደዚሁም ትልቁ የግቢ ውሻ አጠገቡ ከቆመ ወይም ሰው ከበዛ ትንሹ ውሻ ፈርቶ ምግቡን ሊተው ይችላል።

2. ምርጫ ነው ወይስ በሽታ?

ምግብ የሚመርጥ ጤነኛ ውሻ ሳህኑን ይተዋል እንጂ ጨዋታውን አይተውም። ዓይኑ ንቁ፣ ክብደቱ ያልቀነሰ፣ ዓይነ ምድሩ የተስተካከለ ሲሆን የሚወደው ነገር ሲቀርብለት ዘልሎ ይበላል። በሽተኛ ውሻ ግን የሚወደውንም ጭምር ይተዋል። ስለዚህ የአመጋገብ ሥርዓቱን ለማስተካከል ከመጀመር በፊት የሚከተሉት መመርመር አለባቸው።

ሀ) ጥርስና ድድ። ትንንሽ ዝርያዎች መንጋጋቸው ጠባብ ስለሆነ ጥርሳቸው ተጨናንቆ ይበቅላል፤ በላዩም ቡናማ ድንጋይ መሰል ቆሻሻ ቶሎ ይጋገርበታል። ደረቅ ምግብ የሚተውና ለስላሳውን ብቻ የሚበላ፣ አፉ የሚሸት፣ ወይም በአንድ ጎን ብቻ የሚያኝክ ውሻ መራጭ ሳይሆን ጥርሱን የታመመ ሊሆን ይችላል።

ለ) የሆድ ትላትልና መዥገር። ሆዱ የተነፋ፣ ጸጉሩ የደበዘዘና የሚከሳ ውሻ ትላትል ሊኖርበት ይችላል። መዥገር ደግሞ ትኩሳትና ደም ማነስ የሚያስከትሉ በሽታዎችን ስለሚያስተላልፍ ጆሮና የእግር ጣቶች መሐል መፈተሽ አለበት።

ሐ) ትውከትና ተቅማጥ። በተለይ ክትባት ያልወሰደ ቡችላ ምግብ ትቶ ካስመለሰና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካለው ፓርቮ የተባለው ገዳይ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ወደ እንስሳት ሐኪም መወሰድ አለበት።

መ) የእብድ ውሻ በሽታ። ይህ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ነው። ምግብና ውሃ መዋጥ ያቃተው፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ የታችኛው መንጋጋው የወደቀ፣ ድምፁ የተለወጠ ወይም ጠባዩ በድንገት የተቀየረ ውሻ ሲታይ ብዙ ሰዎች “አጥንት ጉሮሮው ላይ ቆሞበታል” ብለው እጃቸውን ወደ አፉ ያስገባሉ። ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በሽታው በለሃጭ የሚተላለፍ ሲሆን ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ውሻ በር ተዘግቶበት እንዲቆይ ማድረግና ለእንስሳት ሐኪም ወዲያው ማስታወቅ ያስፈልጋል። የተነከሰ፣ የተቧጨረ ወይም ቁስሉን ለሃጭ የነካው ሰው ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ አለበት። መከላከያው ውሻውን ከ3 ወር ዕድሜው ጀምሮ ማስከተብና ክትባቱን በሐኪም ትእዛዝ መሠረት በየጊዜው ማደስ ነው። ከቤት የማይወጣ ትንሽ ውሻም ቢሆን መከተብ አለበት።

3. የሚበቃው የምግብ መጠን

ትንሽ ውሻ ምን ያህል ትንሽ ምግብ እንደሚበቃው ብዙ ሰው አይገነዘብም። መጠኑን ለማወቅ በቅድሚያ ውሻውን መመዘን ያስፈልጋል። ለዚህም ባለቤቱ ውሻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ብቻውን ይመዘናል። ልዩነቱ የውሻው ክብደት ነው።

በቤት ውስጥ ለሚውል፣ ለአካለ መጠን ለደረሰና ጤነኛ ለሆነ ውሻ በቀን የሚያስፈልገው ኃይል በግምት የሚከተለው ነው።

ክብደቱ 2 ኪሎ ግራም ሲሆን፦ 165 ኪሎ ካሎሪ
ክብደቱ 3 ኪሎ ግራም ሲሆን፦ 225 ኪሎ ካሎሪ
ክብደቱ 4 ኪሎ ግራም ሲሆን፦ 280 ኪሎ ካሎሪ
ክብደቱ 5 ኪሎ ግራም ሲሆን፦ 330 ኪሎ ካሎሪ
ክብደቱ 6 ኪሎ ግራም ሲሆን፦ 375 ኪሎ ካሎሪ
ክብደቱ 8 ኪሎ ግራም ሲሆን፦ 465 ኪሎ ካሎሪ
ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም ሲሆን፦ 550 ኪሎ ካሎሪ

ይህ መነሻ እንጂ የመጨረሻ ልክ አይደለም። ብዙ የሚሮጥ ውሻ፣ ያረገዘችና የምታጠባ፣ እንዲሁም በማደግ ላይ ያለ ቡችላ የበለጠ ይፈልጋሉ፤ ያረጀና የተኮላሸ ውሻ ያነሰ ይበቃዋል።

መጠኑ ትክክል መሆኑ የሚታወቀው በእጅ በመዳሰስ ነው። የጎድን አጥንቶቹ በዓይን ሳይታዩ በጣት ሲዳሰሱ በቀላሉ የሚገኙ ከሆነና ከላይ ሲታይ ወገቡ ገባ ያለ ከሆነ ውሻው በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው። አጥንቱ ለመገኘት መጫን የሚያስፈልግ ከሆነ ወፍሯል። “አይበላም” እየተባለ የሚወፍር ውሻ ካለ ከሳህኑ ውጭ የሚበላ መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

በዚህ ረገድ ቅባት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከ110 ኪሎ ካሎሪ በላይ አለው። ይህ ለ5 ኪሎ ውሻ የቀን ፍላጎቱ አንድ ሦስተኛ ነው፤ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ስድስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ እንደ መዋጥ ያህል ማለት ነው። ከመደበኛው ምግብ ውጭ የሚሰጥ ማናቸውም ጉርሻ በድምሩ ከቀን ፍላጎቱ ከአንድ አሥረኛ መብለጥ የለበትም።

4. በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ ምግብ

ውሻ ሥጋ በል ቢሆንም ከሰው ጋር በኖረበት ረዥም ዘመን የበሰለ እህል መፍጨት የሚችል ሆኗል። ስለዚህ ሥጋ ብቻ መብላት የለበትም፤ ሥጋ ብቻ የሚበላ ውሻ በተለይ የካልሲየም እጥረት ይደርስበታል። ምግቡ እንደ ሰው ምግብ ሁሉ ከሦስቱ ክፍሎች የተውጣጣ መሆን አለበት።

ሀ) ገንቢ ምግቦች። የበሰለ ቀይ ሥጋ፣ ዶሮ፣ እንቁላልና ዓሣ ናቸው። ለሐዋሳ ነዋሪ ዓሣ ቅርብ ነው። ከሐይቁ የሚወጣውና በአሞራ ገደል የሚሸጠው ቆሮሶ ቅባቱ አነስተኛ ስለሆነ ሆዱ ቶሎ ለሚበላሽ ትንሽ ውሻ ተስማሚ ነው። አምባዛም ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ዓሣ በጥሬው ትላትል ሊኖርበት ስለሚችል ሁልጊዜ መቀቀል አለበት። የቆሮሶ እሾህ ጠንካራ በመሆኑ ከተቀቀለ በኋላ ሥጋው በእጅ እየተፈረፈረ እሾሁ አንድ በአንድ መለቀም ይኖርበታል።

ለ) ኃይል ሰጪ ምግቦች። ሩዝ፣ ድንች፣ ያልተቀመመ እንጀራ፣ ቂንጬና ቆጮ ናቸው። ሁሉም በደንብ መብሰል አለባቸው። ቆጮና ቡላ ኃይል ይሰጣሉ እንጂ የገንቢ ንጥረ ነገር ይዘታቸው በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ያለ ሥጋ፣ ያለ ዓሣ ወይም ያለ እንቁላል ለብቻቸው መሰጠት የለባቸውም።

ሐ) በሽታ ተከላካይ ምግቦች። የተቀቀለ ካሮትና ዱባ ጥሩ ናቸው። ሁለቱም ጣፋጭነት ስላላቸው መራጭ ውሾች ብዙ ጊዜ ይቀበሏቸዋል።

ለ5 ኪሎ ግራም ውሻ የአንድ ቀን ምግብ በምሳሌነት እንደሚከተለው ሊዘጋጅ ይችላል።

አጥንትና ስብ የወጣለት የተቀቀለ የዶሮ ሥጋ፦ 100 ግራም
የተቀቀለ ሩዝ፦ 90 ግራም ወይም አንድ የቡና ሲኒ ተኩል ያህል
የተቀቀለ ካሮት ወይም ዱባ፦ 40 ግራም
የምግብ ዘይት፦ አንድ የሻይ ማንኪያ
የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት፦ የሻይ ማንኪያ አንድ አምስተኛ

በዶሮው ፈንታ ዓሣ ወይም ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ሊተካ ይችላል። የእንቁላሉ ቅርፊት ታጥቦና ተቀቅሎ ከደረቀ በኋላ እንደ ዱቄት እስኪልም ይወቀጣል። ይህ እንደ ተራ ነገር መታየት የለበትም፤ ሥጋና ሩዝ ካልሲየም የላቸውም ለማለት ስለሚያስደፍር፣ ካልሲየም ያልተጨመረበት ምግብ ለረዥም ጊዜ ሲሰጥ የውሻውን አጥንት ያሳሳል። በቡችላ ላይ ደግሞ እግሩ እንዲጣመምና እንዲሰበር ያደርጋል።

በሳምንት አንድ ጊዜ ከሥጋው ላይ 25 ግራም ያህል ተቀንሶ በምትኩ በደንብ የተቀቀለ ጉበት ቢሰጥ ጠቃሚ ነው። ጉበት ከዚህ በላይ መብዛት የለበትም። ጨው፣ በርበሬና ቅመም አይጨመርም። ንጹሕ ውሃ ዘወትር አጠገቡ መኖር አለበት፤ 5 ኪሎ ግራም ውሻ በቀን ሩብ ሊትር ወይም ትንሽ በለጥ ያለ ውሃ ይፈልጋል።

ይህ ምግብ ለጥቂት ሳምንታት በቂ ነው። ሆኖም የቤት ምግብ እንደ ዚንክ፣ አዮዲንና ቫይታሚን ዲ ያሉት ስለሚያንሱት ለብዙ ወራት በዚህ ብቻ የሚመገብ ውሻ ተጨማሪ ቫይታሚንና ማዕድን እንዲታዘዝለት የእንስሳት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

በፋብሪካ የተዘጋጀ ደረቅ የውሻ ምግብ ማግኘት የሚችል ሰው በማሸጊያው ላይ “የተሟላ ምግብ” የሚል መኖሩንና የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆኑን አይቶ ይግዛ። ከተከፈተ ማዳበሪያ እየተቸረቸረ የሚሸጠውን አለመግዛት ይመረጣል፤ ቅባቱ ስለሚሻግት ውሻው በሽታው ይተወዋል። የደረቅ ምግብ ኃይል ከፍተኛ በመሆኑ ለ5 ኪሎ ውሻ በቀን 90 ግራም ያህል ይበቃል። ይህ በሳህን ላይ ሲታይ ጥቂት ስለሚመስል በላዩ ላይ ሌላ ምግብ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው፤ ስህተቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

5. የአመጋገብ ሥርዓቱን ማስተካከል

ውሻው ጤነኛ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የሚከተለው ሥርዓት ይሠራል።

1ኛ) በቤቱ ያሉ ሁሉ ይስማሙ። ልጆች፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ዘበኛውና በቡና ሰዓት የሚመጡ ጎረቤቶች ሁሉ ለውሻው እንዳያጎርሱ ይነገራቸው። አንድ ሰው እንኳ ከጠረጴዛ ሥር በድብቅ ከሰጠ ሌላው ድካም ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እንግዳን መከልከል የሚያሳፍር ከሆነ በማዕድ ጊዜ ውሻውን በሌላ ክፍል ማቆየት የተሻለ ነው።

2ኛ) ምግቡ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ በተወሰነ ሰዓትና በአንድ ቦታ ይቅረብ። በሞቃት ወራት የጠዋቱ ማልዶ፣ የማታውም ፀሐይ ከበረደች በኋላ ቢሆን ይመረጣል። ከትልቁ ውሻ መለየትም ያስፈልጋል።

3ኛ) ምግቡ ለብ ይበል። ጥቂት ትኩስ ውሃ ወይም ያልተቀመመ የሥጋ ወይም የዓሣ መረቅ ጨምሮ በማማሰል ሽታው እንዲነሳ ይደረግ። ሲነካ ሞቅ ያለ እንጂ የሚፋጅ መሆን የለበትም።

4ኛ) ሥጋው ደቅቆ ከሩዙ ጋር በደንብ ይለወስ። ሥጋው ለብቻው ከተቀመጠ ውሻው ሥጋውን ለቅሞ ሩዙን ይተወዋል።

5ኛ) ሳህኑ ለ20 ደቂቃ ብቻ ይቆይ። ውሻው ባይበላም ያለ ቁጣና ያለ ልመና ይነሳ። እስከሚቀጥለው ሰዓት ድረስ ከውሃ በስተቀር ምንም አይሰጠው። የተረፈው በማቀዝቀዣ ካልተቀመጠ ይጣል።

6ኛ) አዲስ ምግብ ሲጀመር ቀስ በቀስ ይሁን። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ቀናት አንድ እጅ አዲስ፣ ሦስት እጅ ነባር፤ ቀጥሎ እኩል በእኩል፤ ከዚያም ሦስት እጅ አዲስ፣ አንድ እጅ ነባር በማድረግ በሳምንት ወይም በ10 ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውሻው ያኩርፋል፣ ያላዝናል፣ የሚራራለትንም ሰው ይፈልጋል። አብዛኞቹ ባለ ውሾች የሚሸነፉት በዚህ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ቀን ተሸንፎ ጥብስ የሰጠ ሰው ለውሻው ያስተማረው ነገር ቢኖር ሁለት ቀን መታገሥ እንደሚያዋጣ ነው። ጽኑ ከሆኑ ግን ጤነኛ ውሻ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ መብላት ይጀምራል።

ማስጠንቀቂያ። ይህ የማስራብ ዘዴ ለቡችላ፣ ለታመመ፣ ለከሳ፣ ላረጀ ወይም ላረገዘች ውሻ አይሠራም። በተለይ ከትንንሾቹ ዝርያዎች የተወለደ ቡችላ በጉበቱ ያከማቸው ስኳር ጥቂት ስለሆነ ለብዙ ሰዓታት ሳይበላ ከቆየ በደሙ ያለው ስኳር ይወርዳል። ይዝላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይንገዳገዳል፣ በመጨረሻም ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። እስከ 4 ወር ዕድሜው በቀን አራት ጊዜ፣ እስከ 6 ወር ሦስት ጊዜ መመገብ አለበት። የተባለው ምልክት ከታየ ድዱን ጥቂት ማር ወይም የስኳር ውሃ በጣት መቀባት፣ በሙቅ ጨርቅ መጠቅለልና ወዲያው ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ራሱን ለሳተ ቡችላ ግን ወደ ሳንባው እንዳይገባ በአፉ ምንም ነገር አይንቆረቆርለትም። አዋቂ ውሻም ቢሆን አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላ መታየት ይኖርበታል።

6. ለውሻ የማይሰጡ ምግቦች

ሀ) ወጥ። አብዛኛው ወጥ የሚጀመረው በሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰብራሉ። ለ5 ኪሎ ውሻ 75 ግራም ሽንኩርት፣ ማለትም አንድ መካከለኛ ራስ፣ ጉዳት ለማድረስ በቂ ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ኃይለኛ ነው። ቢበስልም መርዝነቱ አይጠፋም። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲሰጥም ጉዳቱ ይጠራቀማል። ድዱ የነጣ፣ የደከመና ሽንቱ ቀይ ወይም ቡናማ የሆነ ውሻ በፍጥነት ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ሥጋውን ከወጡ አውጥቶ በውሃ ማጠብ በቂ አይደለም፤ የውሻው ድርሻ ሽንኩርት ሳይነካው በፊት መቀነስ አለበት።

ለ) ጥሬ ሥጋና ጥሬ የሆድ ዕቃ። ከሥጋ ቤት ወይም ከበዓል እርድ የሚገኝ ሳንባ፣ ጉበትና ጣፊያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሊኖርበት ይችላል። ውሻ ይህን በጥሬው ሲበላ ኤኪኖኮከስ የተባለ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም ትል በአንጀቱ ይራባል። የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በጸጉሩና በአፉ ላይ ይቀራል። ውሻውን አቅፎ የሚያጫውት ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባና ከብዙ ዓመት በኋላ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ትልቅ እብጠት ይሆናል፤ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። ትሉ ያለበት ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ስለዚህ ከረጢት ያለበት የሆድ ዕቃ መቀበር ወይም መቃጠል አለበት። ደህና የሚመስለውም ቢሆን ተቆራርጦ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቀቀል። ውሻው በሐኪም ትእዛዝ ፕራዚኳንቴል በተባለው መድኃኒት በየጊዜው መታከም ይኖርበታል።

ሐ) የበሰለ አጥንት። በተለይ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል ጉሮሮና አንጀት ይበሳል።

መ) ቡና፣ ቸኮሌትና አልኮል። የቡና ዝቃጭም ሆነ በሲኒ የቀረ ቡና፣ እንዲሁም የጠላ አተላ ለትንሽ ውሻ አደገኛ ነው።

ሠ) ዘቢብና ወይን። የውሻን ኩላሊት ሊያበላሹ ይችላሉ።

ረ) ዛይሊቶል የተባለ ማጣፈጫ ያለበት ማስቲካና ጣፋጭ። የደም ስኳርን በድንገት ያወርዳል።

ሰ) አቮካዶ። በሲዳማ በብዛት ስለሚመረት በየቤቱ ይገኛል። የአቮካዶ ሥጋ ለውሻ ከባድ መርዝ ባይሆንም ቅባቱ ብዙ ነው፤ ፍሬው ግን ከተዋጠ የትንሽ ውሻን አንጀት ይዘጋል።

7. በጾምና በበዓል ጊዜ

በጾም የሚኖር ቤተሰብ ያለው ውሻ ልዩ ችግር ያጋጥመዋል። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ሥጋ በቤት አይበስልም፣ ብዙ ሥጋ ቤቶችም ይዘጋሉ። ውሻው የሚሰጠው እንጀራ በሽሮ ይሆናል። ይህም በአንድ በኩል ገንቢ ምግብ ያሳጣዋል፣ በሌላ በኩል በየቀኑ ሽንኩርት ያበላዋል። ውሻው ሽሮውን እምቢ ሲል “መራጭ” ይባላል፤ እምቢታው ግን ከጉዳት ያድነዋል።

መፍትሔው አስቀድሞ መዘጋጀት ነው። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሥጋ ቀቅሎ በየቀኑ ድርሻ ከፋፍሎ በበረዶ ክፍል ማስቀመጥ ይችላል። ማቀዝቀዣ የሌለው ከሐይቁ የሚገኘውን ዓሣ ወይም እንቁላል ሊጠቀም ይችላል። ለውሻው ምግብ የተለየ ድስት ቢኖር ለጿሚውም ይመቻል። በደንብ የተቀቀለና የተፈጨ ምስር ወይም ሽምብራ፣ ያለ ሽንኩርትና ያለ በርበሬ፣ ከእንቁላሉ ጋር ሊደባለቅ ይችላል፤ ለብቻው ግን አይበቃም።

በበዓል ቀን ያለው ችግር ደግሞ ተቃራኒ ነው። በፋሲካ፣ በመስቀል ወይም በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ቅባት ይበዛል። በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ወይም የዶሮ ቆዳና ጮማ በድንገት የበላ ትንሽ ውሻ ቆሽቱ ሊቆጣ ይችላል። ደጋግሞ የሚያስመልስ፣ ሆዱን የሚያመውና ጀርባውን የሚያጎብጥ ከሆነ እስከ ነገ መጠበቅ አይገባም። በበዓል ቀንም የውሻው ምግብ የዘወትሩ ምግብ ይሁን።

ማጠቃለያ

ምግብ የሚመርጥ ትንሽ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሠራነው እኛው ነን። በአገራችን ጉርሻ የፍቅር ምልክት ስለሆነ ለምንወደው እንስሳ ሳናጎርስ ማለፍ ይከብደናል። ነገር ግን ለትንሽ ውሻ ከጉርሻ ይልቅ ልኩ የታወቀ ምግብ፣ የታወቀ ሰዓትና የማይለወጥ ሥርዓት ይበልጥ ይጠቅመዋል። በአጭሩ፦

ሥርዓት ከማስያዝ በፊት በሽታ አለመሆኑን ማረጋገጥ፤
ውሻውን መዝኖ በክብደቱ ልክ መመገብ፤
በቀን ሁለት ጊዜ አቅርቦ ከ20 ደቂቃ በኋላ ማንሳት፤ ቡችላን ግን አለማስራብ፤
ሽንኩርት ያለበትን ወጥ፣ የበሰለ አጥንትና ጥሬ የሆድ ዕቃ አለመስጠት፤
መዋጥ ባቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጅን አለማስገባት፤
የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትና የትላትል መድኃኒት ጊዜ ሳያልፍ እንዲሰጠው ማድረግ ያስፈልጋል።

ከዚህ በላይ ምክር የሚፈልግ ባለ ውሻ በአቅራቢያው ወደሚገኝ የእንስሳት ሕክምና ክሊኒክ ሲሄድ የውሻውን ክብደትና ባለፉት ሦስት ቀናት ከጉርሻ ጀምሮ የበላውን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ቢይዝ ለሐኪሙ ትልቅ እርዳታ ይሆናል። ብዙ ጊዜም መልሱ በዚያው ወረቀት ላይ ይገኛል።